ከአሜሪካ ውጭ አብራችሁ እየኖራችሁ የትዳር ቪዛ ልትጀምሩ ነው? የትኛው መንገድ ይሻላችኋል

ስለ አሜሪካ የትዳር ቪዛ የሚጻፈው አብዛኛው ምክር አንዱ እዚያ፣ ሌላው ሌላ አገር ሆነው በስልክ ለሚናፈቁ ጥንዶች ነው። እናንተ ግን አንድ ቤት ውስጥ ነው የምትኖሩት። አንዳችሁ የአሜሪካ ዜግነት አላችሁ፣ አንዳችሁ የላችሁም፣ ኑሯችሁ ደግሞ ከአሜሪካ ውጭ ነው። ይሄ ፋይላችሁን በሁለት ነገር ይለየዋል። ብዙ ሰው እንቅልፍ የሚያጣበት ነገር፣ "ትዳራችን የእውነት ነው" ብሎ ማሳመን፣ ለእናንተ ቀላሉ ክፍል ነው። ብዙ ሰው አንድ መስመር ሞልቶ የሚያልፈው ነገር፣ ስፖንሰሩ (ለትዳር ጓደኛው የሚያመለክተውና በገቢው ኃላፊነት የሚወስደው) የት ነው የሚኖረው የሚለው፣ ለእናንተ ዋናው ራስ ምታት ነው።

ለዚህ ነው መንገዶቹን ሳወዳድር "የቱ ይፈጥናል?" ከሚለው የማልጀምረው። ፈጣኑ መንገድ ለእናንተ ላይከፈት ይችላል፤ ቢከፈትም ለወራት ሊያለያያችሁ ይችላል። እኔ የማስቀድመው አብሮ መኖራችሁን ሳያፈርስ የሚያደርሳችሁን ነው።

መጀመሪያ፦ ስፖንሰሩ ዜጋ ነው ወይስ ግሪን ካርድ ያለው?

ዜጋ ከሆነ (ባልም ሚስትም ሊሆን ይችላል፤ ከዚህ በኋላ ለአጭሩ "ዜጋው" እላለሁ) የትዳር ጓደኛው "የቅርብ ዘመድ" በሚባለው ምድብ ይገባል። ይሄ ምድብ ዓመታዊ ኮታ የለውም። ወረቀት ካለቀ በኋላ ቁጥር ይድረሰኝ ብሎ መጠበቅ የለም።

ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ሌላ ጣጣ አለበት። ምድቡ ኤፍ2ኤ ይባላል፣ ኮታ አለው፣ ተራው በየወሩ በሚወጣው የቪዛ ቡለቲን ላይ ይታያል። ከዚያ የሚብሰው ግን ግሪን ካርዱ ራሱ ነው። ግሪን ካርድ አሜሪካ ውስጥ ለመኖር የተሰጠ ፈቃድ ስለሆነ፣ ሌላ አገር ኑሮ መሥርቶ ካርዱን ኪስ ውስጥ ማቆየት ካርዱን ያሳጣል። ውጭ ዓመት ካለፈ ካርዱ ብቻውን ለመመለሻ አያገለግልም። ሪኢንትሪ ፐርሚት የሚባል የመመለሻ ፈቃድ አለ፣ ግን ቢበዛ ለሁለት ዓመት ነው፣ ማመልከቻውም የሚገባው ሰውየው አሜሪካ ውስጥ እያለ ነው። ስለዚህ ስፖንሰሩ ያለው ግሪን ካርድ ብቻ ከሆነ፣ ለትዳር ጓደኛው ከማመልከቱ በፊት የራሱን ወረቀት ያድን ባይ ነኝ። ተመልሶ ይኑር፣ ከዚያ ያመልክት። በመሃል ዜግነት ካገኘ የትዳር ጓደኛው ፋይል ወደ ቅርብ ዘመድ ይዛወራል።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ስፖንሰሩ ዜጋ ለሆነ ነው።

መደበኛው መንገድ፦ አይ-130 እና የኤምባሲ ቃለ መጠይቅ

ዜጋው አይ-130 የሚባለውን ፎርም ለዩኤስሲአይኤስ፣ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ማለት ነው፣ ያስገባል። ለዚህ አሜሪካ ውስጥ መገኘት አያስፈልገውም። አካውንት ከፍቶ፣ ያለበትን አገር አድራሻ ሞልቶ፣ ሰነዶቹን ስካን አድርጎ መጫን ነው። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ክፍያው ኦንላይን 625 ዶላር፣ በወረቀት 675 ነው። ኦንላይን አድርጉት። የ50 ዶላሩ ጉዳይ አይደለም፤ ከውጭ አገር በፖስታ ልኮ መልሱን በፖስታ መጠበቅ ጊዜ ይበላል፣ ተጨማሪ ማስረጃ ሲጠየቅ ደግሞ ደብዳቤው ሳይደርሳችሁ ቀነ ገደቡ ሊያልፍ ይችላል።

ፎርሙ ሲጸድቅ ፋይሉ ኤንቪሲ ወደሚባለው የቪዛ ማዕከል ይሄዳል። እዚያ ሁለት ክፍያ አለ፦ ለቪዛ ማመልከቻው 325 ዶላር፣ ለስፖንሰር ሰነዱ 120። ዲኤስ-260 የሚባለው የቪዛ ማመልከቻ ፎርም ይሞላል፣ የስፖንሰሩ የገቢ ቃል መግቢያ አይ-864 ይገባል፣ የልደት፣ የጋብቻና የፖሊስ ወረቀቶች ይጫናሉ። ሁሉም ተሟልቷል ሲባል ቃለ መጠይቅ ይያዛል። ቪዛው ከተመታ በኋላ ለካርዱ ሌላ 235 ዶላር አለ። የጤና ምርመራው ለብቻው ነው፣ ዋጋውም እንደየአገሩ ይለያያል። የኤንቪሲ ክፍያ የሚቆረጠው ከአሜሪካ ባንክ አካውንት ነው። ዜጋው ውጭ ሲወጣ አካውንቱን ዘግቶት ከሆነ ከወዲሁ ይክፈት፣ ኋላ ለስፖንሰርነቱም ይጠቅመዋል።

ከመጀመሪያው ፎርም እስከ ቪዛው ከዓመት በላይ መጠበቅ የተለመደ ነው። ይሄን ሲሰሙ ብዙዎች ይደነግጣሉ። ተለያይተው ለሚኖሩ ጥንዶች በእርግጥ ከባድ ነው። እናንተ ግን የምትጠብቁት አንድ ቤት ውስጥ ሆናችሁ፣ እየሠራችሁና እየቆጠባችሁ ነው። የመንገዱ ትልቁ ድክመት እናንተን ብዙም አይነካችሁም። ጥቅሙ ደግሞ አይቀርባችሁም፤ የትዳር ጓደኛው ኤርፖርት ሲደርስ የገባው ነዋሪ ሆኖ ነው፣ በማግስቱ ሥራ መጀመር ይችላል፣ ወጥቶ መመለስም ይችላል።

ሌላ የሚገፋችሁ ነገር ከሌለ መንገዳችሁ ይሄ ነው። የቀሩትን ሦስቱን የማነሳው መቼ ከዚህ እንደሚበልጡና መቼ እንደማይበልጡ ለማሳየት ነው።

በሚኖሩበት አገር ኤምባሲ በቀጥታ ማስገባት

"እኔ የማውቀው ሰው ኤምባሲ ሄዶ በጥቂት ወር ጨረሰ" የሚል ወሬ ሰምታችሁ ይሆናል። ድሮ እውነት ነበር። ውጭ የሚኖሩ ዜጎች አይ-130ን እዚያው አገር ባለው የዩኤስሲአይኤስ ቢሮ ወይም ኤምባሲ ይሰጡ ነበር። ከዚያ መሥሪያ ቤቱ ብዙዎቹን የውጭ ቢሮዎቹን ዘጋ፣ ከፌብሩዋሪ 2020 ጀምሮም ኤምባሲዎች ማመልከቻውን እንደ ልማድ መቀበል አቆሙ።

አሁን የሚቀበሉት በልዩ ሁኔታ ብቻ ነው። ከልዩ ሁኔታዎቹ ውስጥ ድንገተኛ የሕክምና ጉዳይ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋ፣ ልጅ የዕድሜ ገደብ ሊያልፈው መቃረቡ፣ የጉዲፈቻ ልጅ ይዞ በአስቸኳይ መውጣትና በአጭር ጊዜ ማስታወቂያ የመጣ የሥራ ዝውውር አሉበት። ለወታደሮችም ለብቻው የተሰጠ ፈቃድ አለ። "ናፈቀን"፣ "ኪራዩ ሊያልቅ ነው"፣ "ትኬት ቆርጠናል" አይቆጠሩም።

ለአብዛኞቻችሁ ሊከፈት የሚችለው በር የሥራው ነው። ዜጋው ውጭ እየኖረና እየሠራ አሜሪካ ውስጥ ሥራ ቢቀጠር፣ ወይም ድርጅቱ ወደዚያ ቢያዛውረውና የሚጀምርበት ቀን ቅርብ ቢሆን፣ ኤምባሲውን መጠየቅ ይችላል። የአሠሪውን ደብዳቤ ይይዛል፤ ደብዳቤው ላይ የሥራው ቦታ፣ የሚጀምርበት ቀንና ማስታወቂያው የተሰጠበት ቀን ይኑር። ውሳኔው የቆንስሉ ነው። ከተፈቀደ ዓመት የሚፈጀው የመጀመሪያው ክፍል በጣም ያጥራል፣ ኤንቪሲንም አያልፍም።

ታዲያ ይሄ ዕድል ይምጣ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? ሊያዛውሩኝ ይችላሉ በሚል ብቻ ከሆነ አትጠብቁ፣ አይ-130ን አስገቡ። በእርግጥ አንድ ጣጣ አለ። ኦንላይን ካስገባችሁ በኋላ የዝውውር ደብዳቤ ቢመጣ የሚቀርባችሁ መንገድ ኤምባሲ ሄዶ አዲስ ማስገባት ሳይሆን፣ ያለው ፋይል እንዲፋጠን ዩኤስሲአይኤስን መጠየቅ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው በሚቀጥሉት ሳምንታት እንደሚመጣ ካወቃችሁ ቆዩ። ካላወቃችሁ ጀምሩ።

ገና ካልተጋባችሁ፦ ኬ-1 ወይስ ተጋብቶ አይ-130?

ኬ-1 የእጮኛ ቪዛ ነው። ተጋብታችሁ ከሆነ በሩ ተዘግቷል፣ ይሄን ክፍል ዝለሉት። አብራችሁ ትኖራላችሁ ግን ፊርማ የለም? ያኔ ምርጫ አላችሁ።

በኬ-1 የገባ ሰው በ90 ቀን ውስጥ ያንኑ ያመለከተለትን ሰው ማግባት አለበት። ከዚያ ለግሪን ካርድ ለብቻው ያመለክታል። ሂሳቡን እንየው፦ ዜጋው ለእጮኛው ለሚያስገባው ፎርም 675፣ ለቪዛው 265፣ ለግሪን ካርዱ ማመልከቻ 1,440፣ ድምር 2,380 ዶላር። ተጋብቶ አይ-130 ደግሞ 625፣ 325፣ 120 እና 235፣ በድምሩ 1,305። ልዩነቱ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። ከገንዘቡ በላይ የሚያስመርረው ግን ከገቡ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። የሥራ ፈቃድ እስኪመጣ ሥራ የለም። የመውጫ ፈቃድ ሳይዙ አገር ለቆ መሄድ ደግሞ ማመልከቻውን እንደተዉት ያስቆጥራል። ውጭ ሥራ የነበረውና ራሱን የቻለ ሰው እጁን አጣጥፎ ቤት ሲውል ምን እንደሚሰማው አስቡት።

ኬ-1 የሚጠቅመው መጋባት ለማይችሉ ነው፣ ለምሳሌ የሚኖሩበት አገር ሕግ የተለያየ ሃይማኖት ያላቸውን ወይም የውጭ ዜጎችን በቀላሉ የማያጋባ ሲሆን። እሱም ቢሆን መፍትሔ አለው። ጎረቤት አገር ሄዶ መጋባት ይቻላል። በአሜሪካ የዩታ ግዛት ሕግ በቪዲዮ የሚፈጸም ጋብቻም አለ፤ ኢሚግሬሽን ጋብቻውን የሚቀበለው ሁለቱ በሥነ ሥርዓቱ ጊዜ አንድ ላይ ከነበሩ ወይም ከዚያ በኋላ እንደ ባልና ሚስት ከተገናኙ ነው፣ አንድ ቤት ለምትኖሩ ይሄ ችግር አይሆንም። ከተጋቡ በኋላ የሚጠየቀው ኬ-3 የሚባል ቪዛም በሕግ ደረጃ አለ፤ በተግባር ግን አይ-130 ሲጸድቅ እሱ ይዘጋል፣ ጊዜ አታጥፉበት።

"በጎብኚ ቪዛ ገብተን እዚያው እንቀይረው"

ይሄ በጣም የሚያጓጓው ነው፣ በተለይ የትዳር ጓደኛው ፓስፖርት ላይ የጎብኚ ቪዛ ካለ። ሰዎች አድርገውታል፣ ተሳክቶላቸዋልም። በሕግ ደረጃ በትክክል ፈቃድ ተሰጥቶት የገባ የዜጋ የትዳር ጓደኛ እዚያው ሆኖ ለግሪን ካርድ ማመልከት ይችላል። ችግሩ ያለው ሲገቡ በነበረው ሐሳብ ላይ ነው። የጎብኚ ቪዛ የሚሰጠው ለሚመለስ ሰው ነው። ለመቅረት አስቦ "ልጎበኝ ነው" ያለ ሰው ዋሽቷል ይባላል፤ በማታለል ቪዛ ወይም መግቢያ አግኝቷል ከተባለ ደግሞ ቅጣቱ ልዩ ይቅርታ ካልተሰጠው የዕድሜ ልክ እገዳ ነው። ቆንስሎች የሚጠቀሙበት የ90 ቀን መመሪያም አለ፦ በገባ በ90 ቀን ውስጥ ከቪዛው ዓይነት ጋር የሚጋጭ ነገር ያደረገ ሰው ከመጀመሪያው ዋሽቶ ነበር ተብሎ ይገመታል።

እናንተ ላይ ደግሞ ይከፋል። ተለያይተው የሚኖሩ ጥንዶች "ልጎበኛት ሄጄ ሐሳቤን ቀየርኩ" ሊሉ ይችላሉ። አብራችሁ ቤት ለቃችሁ፣ ሁለታችሁም ከሥራ ወጥታችሁ፣ ዕቃ ጭናችሁ ከሄዳችሁ በኋላ ለጉብኝት ነበር ብትሉ ማን ያምናችኋል? እኔ ይሄን መንገድ አልመክርም።

አይ-130 ገብቶ እያለ ለእውነተኛ ጉብኝት መሄድ ግን ክልክል አይደለም። ቀድሞ የተሰጠ የጎብኚ ቪዛ ካለ፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የቤት ውልና የመመለሻ ትኬት ይዞ፣ ሲጠየቅ እውነቱን ተናግሮ መሄድ ነው። አዲስ የጎብኚ ቪዛ መጠየቅ ግን ይከብዳል፣ ምክንያቱም የመኖር ሐሳብ እንዳለ ፋይሉ ራሱ ይመሰክራል።

ዋናው ምርጫ፦ ዜጋው ቀድሞ ይሂድ ወይስ አብራችሁ ጠብቁ?

እውነተኛው ውሳኔ እዚህ ነው። አይ-864 ላይ የሚፈርም ስፖንሰር መኖሪያው አሜሪካ መሆን አለበት። ዜግነት ብቻውን አይበቃም። ውጭ ዓመታት የኖረ ዜጋ ቃለ መጠይቁ ላይ የሚያሰናክለው ይሄ ነው። ሀብታም ዘመድ ተጨማሪ ስፖንሰር ሆኖ ቢፈርምም የዜጋውን የመኖሪያ ጉድለት አይሸፍንለትም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል፤ ተጨማሪ ስፖንሰር የሚሞላው የገቢን ጉድለት ብቻ ነው።

ግን ሕጉ "አሁኑኑ እዚያ ኑር" አይልም። ሦስት ዓይነት ሁኔታ አለ።

አንደኛው፣ ዜጋው ውጭ ያለው ለጊዜው ከሆነና መኖሪያውን ካልተወ ነው። ለአሜሪካ መንግሥት ወይም ለአሜሪካ ድርጅት በውል የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ይገባል። ቤቱ፣ መንጃ ፈቃዱ፣ የምርጫ ምዝገባው፣ ባንኩ እዚያው ከሆነ ይሄንኑ ያሳያል።

ሁለተኛው፣ ዜጋው የትዳር ጓደኛው ከሚገባበት ቀን ሳይዘገይ እዚያ መኖር እንደሚጀምር በማስረጃ ካሳየ ነው። አብራችሁ ልትሄዱ ከሆነ የእናንተ መንገድ ይሄ ነው። ቃል ብቻ አይበቃም፣ እርምጃ ያስፈልጋል፦ ከሥራ የመልቀቂያ ደብዳቤ ወይም የዝውውር ጥያቄ፣ እዚያ ያመለከተባቸው ሥራዎች፣ የኪራይ ውል ወይም "እስኪደላደሉ እኔ ጋ ይቀመጣሉ" የሚል የዘመድ ደብዳቤ ከዚያ ሰው የቤት ማስረጃ ጋር፣ የልጅ ትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የዕቃ ማጓጓዣ ዋጋ ጥያቄ፣ የአሜሪካ ባንክ አካውንት። አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ፣ መቼ፣ የት፣ በምን ገንዘብ እንደምትኖሩ አስቀምጡ፣ ማስረጃዎቹንም በየተራው አያይዙ። ቀድሞ መልቀቅ ወይም ቤት መግዛት ግዴታ አይደለም፤ ቆንስሉ የሚፈልገው ዕቅዱ የእውነት መሆኑን ነው።

ሦስተኛው ዜጋው ቀድሞ ሄዶ መኖር መጀመሩ ነው። ይሄ የመኖሪያ ጥያቄውን ይዘጋዋል። ሥራ ከያዘም የገቢውን ጥያቄ አብሮ ይዘጋዋል። ዋጋው መለያየታችሁ ነው።

የቱ ይሻላል? ቁጠባ ወይም ተጨማሪ ስፖንሰር ካላችሁ አብራችሁ ጠብቁ፣ ማስረጃውን አዘጋጁ። ገቢ የሚባል ከሌላችሁና የሚፈርምላችሁም ከሌለ ዜጋው መቅደሙ አይቀርም፤ ግን ገና አይ-130 በተላከ ሰሞን አይሂድ! ፋይሉ ኤንቪሲ ደርሶ ሰነድ ሲጠየቅ ወይም ቃለ መጠይቁ ሲቃረብ ይሂድ። በዚህ ብቻ የመለያየት ጊዜያችሁ ከዓመት በላይ ወደ ጥቂት ወራት ሊያጥር ይችላል።

ገቢውን ከምን ታሳያላችሁ?

የሚፈለገው የአሜሪካ መንግሥት የድህነት መነሻ ከሚለው ገቢ 125 በመቶ ነው። በ2025 ስሌት ለሁለት ሰው ቤተሰብ 26,437 ዶላር በዓመት ነው። ቁጥሩ በየዓመቱ ስለሚቀየር የዓመቱን አይ-864ፒ ሰንጠረዥ እዩ።

ውጭ የምታገኙት ደመወዝ ምንም ያህል ቢሆን፣ ስትሄዱ የሚቆም ከሆነ አይቆጠርም። ከዚያው አሠሪ ጋር በርቀት ሥራ የሚቀጥል ከሆነ ግን ይቆጠራል፣ አሠሪው ይሄን በደብዳቤ ይጻፍ። ካልሆነ ሁለት አማራጭ ይቀራል። ተጨማሪ ስፖንሰር፦ አሜሪካ የሚኖር፣ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው፣ 18 ዓመት የሞላው፣ የራሱን ቤተሰብና ቪዛ የሚጠይቀውን የትዳር ጓደኛ ደምሮ ገቢው የሚበቃ ሰው። ወይም ንብረት፦ ለዜጋ የትዳር ጓደኛ የጎደለውን ገቢ ሦስት እጥፍ ማሳየት ነው። ገቢ ዜሮ ነው ብንል በ2025 ቁጥር 79,311 ዶላር ይሆናል። ቁጠባ፣ ቤት፣ መሬት ይሆናል፤ በዓመት ውስጥ ወደ ገንዘብ መለወጥና ከአገር መውጣት መቻሉ ይረጋገጥ። ቪዛ የሚጠይቀው የትዳር ጓደኛ የራሱ ንብረትም ይቆጠራል፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ከሁሉም የሚያደናግረው ታክሱ ነው። የአሜሪካ ዜጋ የትም ቢኖር ታክስ ማስታወቅ አለበት፣ አይ-864 ላይም የቅርብ ዓመቱ ታክስ ይጠየቃል። "ገቢዬ ትንሽ ስለሆነ አይመለከተኝም" የሚል አለ፤ ያገባና ለብቻው የሚያስታውቅ ሰው ግን ገደቡ 5 ዶላር ነው። አልተሳሳትኩም፣ አምስት። ማስታወቅ ማለት መክፈል ማለት አይደለም፣ ውጭ የተሠራ ገቢ እስከ ተወሰነ መጠን ከታክስ ነፃ ይደረጋል። ለዓመታት ሳያስታውቁ የቆዩ፣ ሆን ብለው ያላደረጉት ከሆነ፣ ስትሪምላይንድ በሚባለው አሠራር የሦስት ዓመት ታክስና የስድስት ዓመት የውጭ ባንክ ሪፖርት አስገብተው ይስተካከላሉ። የባንክ ሪፖርቱ የሚመለከተው የውጭ አካውንቶቹ ድምር በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን ከ10,000 ዶላር ካለፈ ነው። ይሄን አይ-130 በሚጠበቅበት ጊዜ ጨርሱት። ቃለ መጠይቅ ሲደርስ የሚሯሯጡበት ሥራ አይደለም።

አሁን መጀመር ወይስ ቆይቶ?

የትዳር ጓደኛው አሜሪካ በሚገባበት ቀን ትዳሩ ሁለት ዓመት ካልሞላው ቪዛው ሲአር1 ይባላል፣ ካርዱም በቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ የሁለት ዓመት ነው። ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ አይ-751 አስገብቶ ቅድመ ሁኔታውን ማስነሳት ያስፈልጋል፣ ሌላ ክፍያ፣ ሌላ ወረቀት፣ ሌላ መጠበቅ። ሁለት ዓመት ከሞላው አይአር1 ነው፣ ካርዱ የአሥር ዓመት። የሚቆጠረው የቃለ መጠይቁ ቀን ሳይሆን የመግቢያው ቀን ነው። ስለዚህ ቪዛው በእጃችሁ እያለ ሁለተኛ ዓመታችሁ ሊሞላ ሦስት ሳምንት ከቀረው፣ ትኬቱን ሦስት ሳምንት ግፉት።

ቪዛው ብዙ ጊዜ ቢበዛ ስድስት ወር ነው የሚያገለግለው፣ የጤና ምርመራው ጊዜ ሊያሳጥረውም ይችላል። መሄዳችሁ ገና ዓመታት ከቀረው ቪዛውን ለመያዝ አትቸኩሉ፤ ገብቶ ካርድ ወስዶ ተመልሶ ውጭ መኖር ከላይ ያልኩትን የግሪን ካርድ ጣጣ ያመጣል። ፋይሉን ኤንቪሲ ላይ ማዘግየት ይቻላል፣ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ግንኙነት ካልተደረገ ግን ይዘጋል። እኔ ብሆን በሁለት ዓመት ውስጥ የመሄድ ሐሳብ ካለ ዛሬ አስገባለሁ፣ ኤንቪሲ ሲደርስ ፍጥነቱን ራሴ እመጥናለሁ።

ለጥቂቶቻችሁ ደግሞ ሌላ በር አለ። ዜጋው ለአሜሪካ መንግሥት፣ ከአሜሪካ ጋር የውጭ ንግድ ለሚያካሂድ የአሜሪካ ኩባንያ ወይም ሕጉ ለሚቀበላቸው ድርጅቶች ውጭ አገር እየተመደበ የሚሠራ ከሆነ፣ ግሪን ካርድ ያገኘው የትዳር ጓደኛ የተለመደውን ሦስት ዓመት ሳይኖር ዜግነት ማመልከት ይችላል። የኢሚግሬሽን ሕጉ ክፍል 319(ለ) ይባላል። ውጭ መኖር ለምትቀጥሉ ከግሪን ካርድ ጭንቀት የሚያወጣ ይሄ ነው፣ አሠሪያችሁን ጠይቁ።

ልጆች ካሏችሁ

የቅርብ ዘመድ ምድብ ልጅን በወላጅ ፋይል ላይ አያስገባም። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ አይ-130 ያስፈልጋል። በግሪን ካርድ ተጀምሮ በመሃል ዜግነት ሲገኝም ይሄው ነው፣ በእናት ወይም በአባት ፋይል ተቆጥረው የነበሩ ልጆች አዲስ ፋይል ይፈልጋሉ። የእንጀራ ልጅ ከሆነ ጋብቻው ልጁ 18 ሳይሞላው የተፈጸመ መሆን አለበት።

የጋራ ልጃችሁ ግን ምናልባት ቪዛ አያስፈልገውም፤ ሲወለድ ዜጋ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ከትዳር የተወለደና አንድ ወላጁ ብቻ ዜጋ የሆነ ልጅ፣ ዜጋው ወላጅ ልጁ ከመወለዱ በፊት በድምሩ አምስት ዓመት አሜሪካ ውስጥ በአካል ከኖረና ከዚያ ውስጥ ሁለቱ ከ14 ዓመቱ በኋላ ከሆኑ ዜግነት ያገኛል። የትምህርት ቤት ወረቀት፣ የሥራ ማስረጃ፣ ታክስ ሰብስባችሁ ኤምባሲ አስመዝግቡት።

ወረቀቱ፣ ፖሊሱና አገር መቀየር

የትዳር ማስረጃ ላይ ብዙ አልልም፣ አላችሁ። የጋራ የቤት ውል፣ የጋራ ባንክ፣ በአንድ አድራሻ የሚመጡ ሂሳቦች። ውሉ በአንድ ሰው ስም ብቻ በሚሠራበት አገር ከሆናችሁ፣ አንዳችሁ በሌላው ስም የተሰጣችሁ የመኖሪያ ፈቃድ ጠንካራ ማስረጃ ነው።

የፖሊስ ወረቀት ግን ውጭ የኖረን ሰው ያደክማል። ቪዛ ጠያቂው ከ16 ዓመት ዕድሜው ወዲህ፣ በዜግነት አገሩ ከስድስት ወር በላይ ከኖረ ከዚያ፣ አሁን ባለበት አገር ከስድስት ወር በላይ ከኖረ ከዚህም፣ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከኖረባቸው ሌሎች አገሮች ሁሉም ያስፈልጋል። አሁን የሚኖርበት አገር ወረቀት ሁለት ዓመት ካለፈው እንደገና ይጠየቃል። ካንድ አገር ለቃችሁ ልትወጡ ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት ያዙት፣ ከወጡ በኋላ ማስወጣት አንዳንድ ቦታ ፈተና ነው።

በመሃል አገር ብትቀይሩ ፋይሉ አይሞትም፣ ቃለ መጠይቁ ወደ አዲሱ አገር እንዲዛወር ኤንቪሲን ትጠይቃላችሁ። አዲሱ አገር መኖሪያችሁ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ያዙ፤ ለአጭር ጉብኝት በተገኘ ቪዛ ሌላ አገር ሄዶ መጠየቅ አያዛልቅም።

አንድ ነገር ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ። ከ2025 ጀምሮ በአመልካቹ (ቪዛ በሚጠይቀው የትዳር ጓደኛ) ዜግነት ላይ የተመሠረቱ የመግቢያ ገደቦች ወጥተዋል፣ ዝርዝራቸውም ተቀያይሯል። የሚታየው የምትኖሩበት አገር ሳይሆን የአመልካቹ ፓስፖርት ነው። ሌላ አገር ፈቃድ ይዞ ለዓመታት የኖረ ሰውም በፓስፖርቱ ይቆጠራል። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የጉዞ ገጽ ላይ የአመልካቹን ዜግነት ፈልጋችሁ እዩ፣ ለትዳር ጓደኛ የተለየ ነገር ተጽፎ እንደሆነም አንብቡ። ገደብ ካለ አይ-130ን ማስገባትና ቪዛ ማግኘት ሁለት የተለያዩ እርከኖች መሆናቸውን አስታውሱ። ገደቡ ኤምባሲ ላይ ያለውን የመጨረሻውን ክፍል ሊያቆም ይችላል፤ ፎርሙ በዩኤስሲአይኤስ በኩል እየታየ መሆኑንም አረጋግጡ። ሁለተኛ ዜግነት ያለው አመልካች ደግሞ በየትኛው ፓስፖርት እንደሚቀርብ ዲኤስ-260ን ከመሙላቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።